ያልጠጣነው ቤንዚን

ዳንግላ ገበያ ላይ ለማንኛውም ጭማሪ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ነዳጅ ጨምሯል»። ጨው ምነው ተወደደ ሲባል ነዳጅ ጨምሯል። ሳሙናው ምነው ሳሳ ሲባል ነዳጅ ጨምሯል። ሹሩባ ሠሪዋም፣ ጫማ ጠጋኙም፣ ልብስ ሰፊውም መልሳቸው ያው ነው። እንደ «እግዜር ያውቃል» ሁሉ ክርክር የሚዘጋ መልስ ስለሆነ ሰው ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ነገሩ ግራ የሚያጋባው እንቁላል ላይ ሲደርስ ነው። ከገጠር ቀበሌ በእግሯ የመጣች ሴት፣ በጭድ መሃል የደረደረቻቸውን እንቁላሎች ዋጋ ነግራችሁ፣ «እታለም፣ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አልነበረም እኮ» ብትሏት እሷም ነዳጅ ጨምሯል ትላለች። እዚህ ላይ ገዢ ሁሉ ፈላስፋ ይሆናል። ዶሮዋ ናፍጣ አትጠጣም፤ የዋለችው ጓሮ ስትጭር ነው። እንቁላሉም ከጅቡቲ በቦቴ አልመጣም። ሴትዮዋ ራሷ ባጃጅ እንኳ አልተሳፈረችም። ታዲያ ነዳጁ በየት በኩል ገባ? ብዙዎች ስቀው፣ ሁለት ብር አስቀንሰው ያልፏታል። እኔ ግን ሴትዮዋ አልዋሸችም ባይ ነኝ። እንዲያውም በዚያ ገበያ ውስጥ ያንን ቃል ለመናገር ከሁሉ የበለጠ መብት ያላት እሷ ሳትሆን አትቀርም።

መኪና ያለው ሰው ነዳጅ ሲጨምር ያውቀዋል። ማደያ ገብቶ የቆጣሪው ቁጥር ሲሽከረከር ፊት ለፊት ያየዋል፤ ያማርራል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይተክዛል፣ ቅዳሜ ሊሄድበት ያሰበውን መንገድ ይሰርዛል። ጠላቱን በዓይኑ ያየ ሰው መከላከያ አያጣም። ሞተር የሌለው ቤት ግን፣ በዳንግላና በዙሪያዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤት ማለት ነው፣ ነዳጅን የሚያውቀው በስም ብቻ ነው። አንድ ሊትር ገዝቶ አያውቅም። ነዳጅ ግን ቤቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሳይጠሩት የገባ፣ እጁን ሳይታጠብ ከመሶቡ ቀድሞ የሚጎርስ ደባል ነው። ምን ያህል እንደሚጎርስ ለመገመት ቁጥር እንያዝ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረ ጊዜ፣ ሰኔ 29 ቀን 2014 አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆነ። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ቤንዚኑ 101 ብር ከ47፣ ናፍጣው 98 ብር ከ98 ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ናፍጣ ላይ የተጨመረው 50 ብር ሊሞላ 4 ሳንቲም የጎደለው ነው። አራቷን ሳንቲም ያስተረፈልን ማን እንደሆነ ባይታወቅም ምስጋና ይድረሰው። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ጨምሯል፤ እዚህ ግን ለሒሳብ ስለምትመች ይችኑ 50 ብር ይዘን እንሂድ።

ጭማሪው ከየት መጣ የሚለው ረጅም ወሬ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። የምንቀዳው ቤንዚንና ናፍጣ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ ከቦታው ባይነቃነቅ እንኳ እኛ ዘንድ መነቃነቁ አይቀርም ነበር። የሚገርመኝ ግን መንገዱ ነው። ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ዳንግላ ለመግባት ሌላ 500 ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ አለ። በዚህ በኩል የሚመጣ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ጭኖ በሊትር 2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ደርሶ ለመመለስ 1,400 ሊትር ይፈልጋል፤ ከጫነው ከመቶ ሦስት እጅ ማለት ነው። ጠላ አድርስ ተብሎ የተላከ ሰው በየዳገቱ ከእንስራው እየቀመሰ እንደሚመጣው ነው። ናፍጣን የሚያመጣው ናፍጣ ስለሆነ፣ ናፍጣ በተወደደ ቁጥር ናፍጣን ማምጣቱም ይወደዳል። ዳንግላ ደግሞ ከመንገዱ ራስ ሳይሆን ከእግሩ አጠገብ ያለች ከተማ ናት።

ማደያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሁልጊዜ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ቢሆን ኖሮ እንኳ ደግ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ማደያዎች ክፍያ በስልክ እንዲሆን ተወስኗል። ማደያው ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ግን ቴሌብር አይጠይቅም። በ2016 በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ፣ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ በቁጥር መክፈል የማይችል ባለባጃጅ ወደ ሃይላንዱ ፊቱን ቢያዞር ማን ይፈርድበታል? ማደያው ሲደርቅማ ሁሉም ወደዚያው ነው። እንግዲህ መንግሥት የሚያውጀው ዋጋ ሌላ፣ ባጃጁ የቀዳበት ዋጋ ሌላ፤ ተሳፋሪው ደግሞ የሚከፍለው በሁለተኛው ነው። ነዳጅ ጨመረ ሲባል የምንሰማው ቁጥር የጭማሪው የክት ልብስ ነው። በአዘቦት የሚለብሰው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ጤፍም ሆነ በቆሎ በማሳ ላይ የራስ ነው፤ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ግን የነዳጅ ዘመድ ይሆናል። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ነው። መብራት ባለበትም መብራቱ ሲሄድ የሚጠራው ያው ናፍጣ ነው። ነጭ ጋዝ፣ በወረቀት ስሙ ኬሮሲን፣ የዋጋ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ከነጭ ናፍጣ ጋር እኩል ሲተመን የኖረ ስለሆነ፣ ኩራዝ የሚያበራ ቤት የሲኖትራክ ባለቤት የሚከፍለውን ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው፤ ልዩነቱ አንዱ በበርሜል አንዱ በጠርሙስ መግዛቱ ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙም እንዲሁ። በዳንግሽታና በመሳሰሉት የዳንግላ ዙሪያ ቀበሌዎች ውኃ ቅርብ ነው፤ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድም ከወንዝም እየተሳበ በበጋ መስኖ ይለማል። በገመድና በባልዲ የሚስብ አለ፤ በቤንዚን ሞተር የሚስብም አለ። ባለሞተሩ ገበሬ ማሳውን ተሸክሞ ማደያ ሊሄድ አይችልም፤ የሚሄደው ጀሪካኑን ይዞ ነው። ጀሪካን ደግሞ በማደያ ደጃፍ እንደ ተጠርጣሪ የሚታይ ዕቃ ነው። ደብዳቤ ካላመጣ አይቀዳለትም፤ ወደ ሃይላንዱ ከዞረ ደግሞ ሽንኩርቱ የሃይላንዱን ዋጋ ይዞ ገበያ ይወጣል። ሽንኩርት የሚያስለቅሰው ሲከተፍ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ገና ሲጠየቅ ያስለቅሳል።

በዚህ ጊዜ አንድ ጎምቱ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው «አያቶቻችን ያለ ነዳጅ ኖረው የለም እንዴ?» ይላሉ። ኖረዋል። ወንድ አያቶቻችን ያለ ሞተር ኖረዋል፤ ሞተሯ ሴት አያታችን ነበረች። ሌሊት ተነስታ መጅ ይዛ በድንጋይ ወፍጮ ላይ የምትጎነበሰው፣ ውኃውን በእንስራ፣ እንጨቱን በጀርባዋ የምታመጣው እሷ ነበረች። የእሷን ጉልበት በሊትር የለካ ሰው ስላልነበረ ነዳጁ ነፃ መሰለ። ወደ ድሮው እንመለስ የሚሉትን ሰዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ መጅ ይዘው የሚያውቁ አይደሉም። ወፍጮ ቤቱ ጨመረ ተብሎ ድንጋዩ ወደ ቤት የሚመለስ ከሆነ የነዳጁን ልዩነት የምትከፍለው አንዲት ሴት በወገቧ ነው። ይህ ወጪ በየትኛውም የዋጋ ግሽበት ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። ስለዚህ የሚመርጥ ቤት ቢኖር እንኳ ወፍጮን አይቀንስም፤ ሌላ ነገር ይቀንሳል።

ከዚህ የበረታ ሌላ ክርክር አለ። «ነዳጅ ሰበብ ነው፤ የሚያስወድደው ነጋዴው ነው» የሚለው። ይህን ክርክር በቁጣ ሳይሆን በሒሳብ እንፈትነው። አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና 50 ኩንታል ጨው ጭኖ ከአዲስ አበባ ዳንግላ መጣ እንበል። መንገዱን 480 ኪሎ ሜትር፣ አጠጣጡን በሊትር 4 ኪሎ ሜትር አድርጉት። 120 ሊትር ጠጣ ማለት ነው። በያንዳንዱ ሊትር ላይ 50 ብር ስለተጨመረ የጉዞው ወጪ በ6,000 ብር አደገ። ይህን ለ5,000 ኪሎ ስታካፍሉት በኪሎ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይመጣል። ባዶውን ቢመለስ እንኳ 2 ብር ከ40 ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ጨው ላይ 10 ብር ጨምሮ ነዳጅ ነው ካለ፣ ከ10 ብሩ ውስጥ ነዳጁ በቀጥታ የሚመሰክረው ለ2 ብር ከ40 ብቻ ነው። ነጋዴውን የሚወቅሱት ሰዎች እዚህ ድረስ ልክ ናቸው፤ ላጨበጭብላቸውም እችላለሁ።

ነገር ግን ጨው አንድ ጊዜ ብቻ አይጫንም። ከአፋር ወጥቶ ትልቅ ከተማ ሲገባ ነዳጅ ይከፈልበታል፤ ከዚያ ወደ ዳንግላ ሲመጣ ይከፈልበታል፤ ከመጋዘን ወደ ሱቅ በጋሪ ወይም በባጃጅ ሲሄድ ይከፈልበታል፤ ከሱቁ ደግሞ ወደ ገጠር ቀበሌ አለ። በየመሐሉ ያለው ነጋዴ ትርፉን የሚያስበው በመቶኛ ነው። የመጀመሪያው የጨመራትን 1 ብር ሁለተኛው እንደ ዕቃው ዋጋ ቆጥሮ ትርፍ ይይዝባታል፤ ሦስተኛው ደግሞ በትርፉ ላይ ያተርፋል። ጎማውም፣ ቅባቱም፣ መለዋወጫውም በዶላር የመጣ ነው፤ ሹፌሩና ረዳቱ በየመንገዱ የሚበሉት እንጀራም ነዳጅ የቀመሰ ነው። መንገድ ሲዘጋማ ሌላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ችግሩ የጸጥታ እንጂ የነዳጅ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር እውነቱን ነው፤ ሦስት ቀን የቆመ መኪና ናፍጣ አያቃጥልም። ሆኖም ሹፌሩ ይበላል፣ ባለመኪናው የባንክ ዕዳውን ይከፍላል፣ ባለዕቃው ለሚቀጥለው መዘግየት መጠባበቂያ ብሎ ይጨምራል፤ ያን ሁሉ ከጨዉ ላይ ለማንሳት ሰበቡ ቀላሉ «ነዳጅ» ነው። በመጨረሻም ያቺ 1 ብር ከ20 ሱቅ ስትደርስ ሃያዋ ሳንቲም አገር የላትም። ዝርዝር የለም። ባለሱቁ ወደታች አጠጋግቶ 1 ብር ይበል ወይስ ወደላይ አጠጋግቶ 5 ብር? ሁላችንም መልሱን እናውቃለን። ሩኅሩኅ ከሆነ በመልሱ ፋንታ ማስቲካ ይሰጣል። የዋጋ ግሽበታችን ግማሹ እየታኘከ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለሚገባው ዕቃ ነው። የክርክሬ አውራ ግን የሚወጣው ዕቃ ላይ ነው። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ፣ አዲስ ቅዳምን መሃል አድርጋ የተዘረጋችው ፋግታ ለኮማ ወረዳ በዲከረንስ ተክሏ የታወቀች ናት። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ተክሎ በመሃሉ ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከሰሉ ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ብልህ ነው፤ «ነጭ ጋዝ ሲወደድ ከተሜው ወደ ከሰል ይመለሳል፤ ከሰል ሲፈለግ ደግሞ ዳንግላና ፋግታ ያሉበት አዊ ዞን ይጠቀማል፤ እናንተ ምን አስለቀሳችሁ?» ይላል። ደስ በሚለኝ ነበር። ይሁንና የአዲስ አበባው ከሰል ሻጭ ዋጋውን ሲቆርጥ ፋግታን አያማክርም፤ ለእሱ ከሰል ከሌላም አቅጣጫ ይመጣለታል። ፋግታ የመጣው ነጋዴ የሚያሰላው ከአዲስ አበባው ዋጋ ተነስቶ ወደኋላ ነው። ኪራዩን ይቀንሳል፣ የኬላውን ይቀንሳል፣ ትርፉን ይቀንሳል፣ የተረፈውን ለገበሬው ይሰጣል። ያ የ6,000 ብር ጭማሪ 200 ማዳበሪያ በጫነ መኪና ላይ ሲከፋፈል በያንዳንዱ ማዳበሪያ 30 ብር ነው፤ 30 ብሩ የሚቀነሰው ደግሞ ጥላሸት ለብሶ ከቆመው ሰው እጅ ነው። ከሰሉን የምትገዛው የዳንግላ እመቤትም ብትሆን የአዲስ አበባው ጭነት ስለሚሻማባት በርካሽ አታገኘውም። ድንቹም፣ በቆሎውም፣ ጤፉም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ወደ እኛ ለሚመጣው ኪራዩ ይደመርብናል፤ ከእኛ ለሚሄደው ኪራዩ ይቀነስብናል። አንድ ሊትር ናፍጣ 50 ብር ሲጨምር አዲስ አበቤ አንድ ጊዜ ከፍሎ ይገላገላል። ዳንግላ ግን ደርሶ መልስ ትከፍላለች፣ ያውም ትኬት ሳትቆርጥ።

እንቁላል ሻጯን አሁን መልሳችሁ እዩአት። ያንን ቅርጫት ይዛ የመጣችው እንቁላሉን ወደ ጨው፣ ወደ ሳሙና፣ ወደ ነጭ ጋዝና ወደ ወፍጮ ክፍያ ልትለውጠው ነው። ያለፈው ወር 10 እንቁላል ያመጣላት የነበረው ጨው ዛሬ 12 ከጠየቃት፣ ዶሮዋ ደግሞ ሁለቱን ተጨማሪ እንቁላል በአስቸኳይ ስብሰባ ወስና ልትጥል ስለማትችል፣ ያላት ምርጫ በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ ጥቂት መጨመር ብቻ ነው። ኪራይ ጨማሪ ነጋዴ የላትም፤ አጠጋግታ ማስቲካ አትሰጥም፤ ደንበኛው ሁለት ብር ሲያስቀንሳትም ትቀንሳለች። «ነዳጅ ጨምሯል» ስትል በዚያ ገበያ ውስጥ ከተነገሩት ሁሉ ትንሹን ጭማሪ ይዛ ነው፤ የሚሳቀው ግን በእሷ ነው።

«ፈረስ ባለበት አገር ስለ ነዳጅ ማልቀስ ምንድን ነው?» የሚል ደግሞ አይጠፋም። አዊ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ይህ ሁሉ ፈረስ እያለ ባጃጅ ለምን ገባ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በ1918 ዓ.ም. ገደማ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማንም ጣናንና የዓባይን ሸለቆ የዞረው በበቅሎ እየተጓዘ ነው። የዚያ ዘመን ነዳጅ ገብስ ነበር። ከገብስ አንድ ትልቅ በጎ ነገር እንማራለን፤ በቅሎ የምትበላው ገብስ የተገዛው ከጎረቤት ገበሬ ስለሆነ የኪራዩ ገንዘብ ከአገር አይወጣም ነበር። የዛሬው የናፍጣ ገንዘብ ዶላር ሆኖ ባሕር ይሻገራል። እዚህ ድረስ ከፈረሰኛው ጋር ነኝ። ነገር ግን ዛሬ ባጃጅ ሲጨምር ጋሪም ቢጨምር አትደነቁ። ፈረሱ ቤንዚን ባይጠጣም ባለጋሪው ጨው ይልሳል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ጎማ ያስጠግናል፤ የጋሪ ጎማ ደግሞ እንደ ፈረሱ እንጅባራ አልተወለደም። በዚያ ላይ ባጃጁን ሸሽተው የመጡ ተሳፋሪዎች ሲሰለፉለት የማይጨምር ባለጋሪ ካለ ሐውልት ይቁምለት። ከነዳጅ ለመሸሽ ጋሪ ላይ የወጣ ሰው፣ ነዳጅ ቀድሞት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይምጣ። ድጎማው መነሳት ነበረበት፤ መንግሥት የሚደጉመው ቤንዚን የሚጠቅመው በብዛት ባለመኪናውን ነበር፤ ከዋጋው መርከስ የተነሳም በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገር ይሾልክ ነበር ይባላል። ትክክል ነው። ሞተር የሌላት የዳንግላ ሴት ለአዲስ አበባ ባለመኪና ማዋጣት ነበረባት ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ድጎማው ሲነሳ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተለይቶ በቴሌብር የሚሰጥ ድጎማ መቀመጡም ያስመሰግናል። ችግሩ ይህ ድጎማ የተነደፈው ለተሳፋሪ መሆኑ ነው። ድሃ ቤት ደግሞ ከራሱ ይልቅ ዕቃው ብዙ ይጓዛል። ባለቤቱ በዓመት ሦስት ጊዜ ባሕር ዳር ይሄድ ይሆናል፤ ጨዉ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ማዳበሪያው ግን ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ናቸው። ከወንበሩ በላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ያለው ነው የቤቱ እውነተኛ ተሳፋሪ። እሱን ያየው ድጎማ የለም።

ባለሞተርና ሞተር አልባ የሚለያዩበት ሌላም ነገር አለ፤ ድምፅ። በየካቲት 1966 ከአረብና ከእስራኤል ጦርነት በኋላ የዓለም ነዳጅ ሲወደድ የንጉሡ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ ተነሥተው ስለነበር ከተማዋ ቆመች፤ በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ከፊሉ ተቀነሰ። የቤንዚኑ ዋጋ በጥቂቱ ወረደ፤ ንጉሡ ደግሞ በመስከረም ጨርሰው ወረዱ። የዚያን ጊዜው ረሃብም የሠራዊቱ ዓመፅም ባለበት ያን ሁሉ የቤንዚን ሥራ ነው ማለት የዋህነት ነው፤ ታክሲ ነጂው ግን መሪ የያዘ ሰው ስለሆነ ሲያቆም ይሰማል። እንቁላል ሻጯ ሥራ ብታቆም ምን ይሆናል? እንቁላሉ ይበላሻል። የራስ ነዳጅ መኖሩም ሞተር አልባውን አያድነውም፤ ናይጄሪያ ራሷ ድፍድፍ ነዳጅ ታወጣለች፤ እዚያም በ2015 ግንቦት ድጎማው ሲነሳ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ዘሎ፣ ተሳፋሪውና ገበያተኛው ነው የደነገጠው። «እኛም ነዳጅ ቢወጣልን» እያለ ለሚመኝ ሰው ይህች ዜና ትንሽ ታበርደዋለች።

እንግዲህ ቤቱ ምን ይቀንሳል? ወፍጮ እንደማይቀነስ አይተናል። ጨው አይቀነስም። የሚቀነሰው የወጡ ቅባት ነው፤ ከዚያ ምስሩ ወደ ሽሮ ይዞራል፤ ስኳር ከቡናው ይወጣና ቡና እንደ ባላገሩ ወግ በጨው ይጠጣል፤ እሱም ቢሆን ጨው ነው። ከምግብ ቀጥሎ የሚቀነሰው ግን ማንም የማይጠረጥረው ነገር ነው፤ ዘመድ። እንጅባራ የሞተ ሰው ለቅሶ፣ ባሕር ዳር የታመመ አክስት፣ ቡሬ የተዳረች የእህት ልጅ፣ እያንዳንዳቸው የመናኸሪያ ታሪፍ አላቸው። ታሪፉ ሲጨምር ሰው ለቅሶውን፣ ጥየቃውንና ማኅበሩን በአንድ ትኬት ማጠቃለል ይጀምራል። ቀብር የቀረበት በሰልስት፣ በሰልስት ያልደረሰ በአርባው ይደርሳል። በአርባው ሲያለቅስ የሚያየው ሰው ሐዘኑ የበረታ ይመስለዋል፤ ግማሹ እንባ ለደርሶ መልሱ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ከፈለገ ባለመኪና ጋር ስታነጻጽሩት የሚገርም ነው፤ ባለመኪናው የሚሰርዘው መዝናኛውን ነው፣ ይህኛው ቤት የሚሰርዘው ወገኑን ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ መውረድ። ናፍጣ ነገ በሊትር 10 ብር ቀነሰ እንበል። በኤፍ ኤስ አሩ ሒሳብ ጨው በኪሎ 24 ሳንቲም መውረድ አለበት። ሱቅ ሄዳችሁ ይህን ለባለሱቁ ንገሩት። ነዳጅ በጨመረ ቀን ባለሱቁ ያናገራችሁ በትንቢት ነበር፤ «የሚቀጥለውን የማመጣው በአዲሱ ዋጋ ስለሆነ ነው» ብሏችሁ፣ መደርደሪያ ላይ አንድ ወር የቆየውን ጨው በነጋታው ጨመረ። አሁን ግን ኃላፊ ጊዜ ይጠቀማል፤ «ይኼኛውን የገዛሁት እኮ በድሮው ዋጋ ነው»። ጨዉ ያው አንድ ጨው ነው፤ ሲወጣ ገና ያልመጣ፣ ሲወርድ ደግሞ ድሮ የመጣ ነው። ታግሳችሁ፣ የድሮው እስኪያልቅ ጠብቃችሁ፣ አዲሱ ገባ በተባለ ቀን ሒሳባችሁን ይዛችሁ ብትመለሱና ባለሱቁ ደግ ሰው ሆኖ ልክ ናችሁ ቢላችሁም፣ ለ24 ሳንቲም የሚሰጠው መልስ የለውም። መሳቢያውን ስቦ ያያል፤ ማስቲካ አለ፤ ግን ማስቲካውም ጨምሯል፤ 24 ሳንቲም ሩቡን እንኳ አይገዛም።